ጠያቂ በሌለበት፣ በቪዲዮ ብቻ ለሚቀረጽ የፋይናንስ ሥራ ቃለ መጠይቅ እንዴት ልዘጋጅ?

የሰንጋ ተራ ተንታኝ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከኮሜርስ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቄ ላለፉት ሦስት ዓመታት ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ የአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በብድር ትንተና ክፍል እሠራለሁ። በቅርቡ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ለፋይናንስ አናሊስት የሥራ መደብ አመልክቼ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ማለፌን የሚገልጽ ኢሜይል ደርሶኛል። ቀጣዩ ደረጃ ግን ከሰው ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ አይደለም። ሊንኩ ሲከፈት ጥያቄው በእንግሊዝኛ በጽሑፍ ይመጣል፤ ለማሰቢያ 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ካሜራው በራሱ ይጀምርና እስከ 2 ደቂቃ ድረስ ይቀርጻል። ጥያቄዎቹ አምስት ሲሆኑ፣ አንዴ የተቀረጸን መልስ መልሶ ማየትም ሆነ እንደገና መቅረጽ አይፈቀድም። የመጨረሻው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው።

አምና በሌላ ድርጅት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። መልሶቼን በሙሉ ጽፌ በቃሌ አጥንቼ ገባሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እየመለስኩ ሳለ፣ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ፣ አንዲት ቃል ጠፋችብኝ። ቃሏን ስፈልግ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ካለው የራሴ ምስል ጋር ተገጣጠመ፤ ከምስሉ ሥር ደግሞ የቀረው ሰከንድ እየቆጠረ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አንድም ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ጊዜው አለቀ። የቀሩትን ጥያቄዎች ምን ብዬ እንደመለስኩ ዛሬም በደንብ አላስታውስም።

ሰው ፊት መናገር አያስፈራኝም። በየሳምንቱ የብድር ኮሚቴ ፊት ቀርቤ የደንበኞችን ፋይል አስረዳለሁ። የኮሚቴው አባል ከገባው ራሱን ይነቀንቃል፤ ካልገባው ግንባሩን ይቋጥራል፤ እኔም እሱን አይቼ ንግግሬን አስተካክላለሁ። ካሜራው ግን ምንም አይልም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ኦዲተር ዘካዛንቺስ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

እንኳን ለዚህ ደረጃ በቃሽ። እኔ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት እንዲህ ዓይነት ቃለ መጠይቆች ተቀርጬ በሁለቱ ወደ ቀጣዩ ዙር አልፌያለሁ፤ ያላለፍኩበት ልክ እንዳንቺ በቃል ያጠናሁበት ነው። በቃል የተጠና ነገር እንደ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ የሚቀጥለው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልስ ሦስት ነጥብ ብቻ ያዢ፤ ዓረፍተ ነገሩ በየልምምዱ ይለዋወጥ። አሥር ጊዜ በአሥር የተለያየ አነጋገር ያስረዳሽው ነገር ከአፍሽ አይጠፋም።

ሁለተኛው ነገር የራስሽ ምስል ነው። መልስ እየሰጡ ፊትን በመስታወት እንደማየት ያለ አእምሮን የሚበታትን ነገር አላውቅም። ፕሮግራሙ ምስልሽን ለመደበቅ የሚፈቅድ ከሆነ ደብቂው፤ ካልፈቀደ ባለ ማጣበቂያ ቁራጭ ወረቀት ምስሉ ላይ ለጥፊበት፤ ቆጣሪውን ግን እንዳትሸፍኚው። ዓይንሽ መሄድ ያለበት ከስክሪኑ በላይ ወዳለችው ትንሿ ሌንስ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በልምምድ ወቅት ታናሽ እህቴን ከላፕቶፑ ጀርባ ማስቀመጤ ነበር። ራሷ ከሌንሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታየኛል፤ ስናገር ታዳምጠኛለች። ከስድስትና ሰባት ልምምድ በኋላ እሷ ባትኖርም እዚያው ቦታ ላይ ሰው እንዳለ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። ልምምዱን በስልክሽ ቅረጪና መልሰሽ ስታዪው መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተሽ፣ ቀጥሎ ምስሉን ሳታዪ ድምፁን ብቻ አዳምጪው። ሁለቱ የሚያሳዩሽ ስህተት ይለያያል።

አንጋፋው ከሜክሲኮ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እህቴ፣ እኔ በተቃራኒው ወንበር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ለበርካታ ዓመታት በፋይናንስ ክፍል ውስጥ ስሠራ፣ በኋላ ላይ እንዲህ የተቀረጹ መልሶችን አይተው ነጥብ ከሚሰጡት አንዱ ሆኜ ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ ያየሁትን ብነግርሽ ይጠቅምሻል ብዬ አስባለሁ።

መልሶቹን የምናየው በየእጃችን የነጥብ መስጫ ቅጽ ይዘን ነው። ብዙ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ የሁሉንም አመልካቾች መልስ አከታትለን እናያለን። ሠላሳ ሰው «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ለሚለው ጥያቄ የትውልድ ቦታውን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤትና የምረቃ ዓመቱን ሲዘረዝር አስቢው፤ ይህ ሁሉ ሲቪው ላይ አለ። ሠላሳ አንደኛዋ «ለሦስት ዓመታት የሠራሁት ተበዳሪ ዕዳውን መክፈል መቻሉን በቁጥር ማረጋገጥ ነው» ብላ ብትጀምር ሁላችንም ከወንበራችን ቀና እንላለን። የመጀመሪያዎቹን 15 እና 20 ሰከንዶች በሰላምታና በምስጋና አታባክኛቸው፤ አንድ አጭር ሰላምታ በቂ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ፊት ለፊት በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ጥሩ ጠያቂ አመልካቹን ይረዳዋል። አንድ ወጣት «የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ትንበያ አዘጋጅተናል» ሲል እኔ «አንተ በግልህ የትኛውን ክፍል ሠራህ? ትንበያው ከተፈጸመው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ራቀ? ስህተቱን ማን አገኘው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ይመልሳል፤ ነጥቡንም የሚያገኘው ከዚያ ነው። በቀረጻ ውስጥ ይህ ተከታይ ጥያቄ የለም። አመልካቹ ሳይናገረው የቀረውን እኔ ልጠይቀው አልችልም፤ ባዶ የተተወውን ሣጥንም በግምት ልሞላለት አይገባኝም። ስለዚህ ስትለማመጂ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገርሽ በኋላ ቆም በዪና ከፊትሽ ብቀመጥ ኖሮ ምን ብዬ እጠይቅሽ እንደነበር ራስሽን ጠይቂ፤ መልሱን እዚያው ንግግርሽ ውስጥ አስገቢው። ብዙዎች ካሜራ በመፍራታቸው የወደቁ ይመስላቸዋል፤ እኔ ካየኋቸው ውስጥ የሚበዙት የወደቁት ግን ተከታዩን ጥያቄ ሳይመልሱ በመቅረታቸው ነው።

የፒያሳዋ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

የጋሼን ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይከብደኛል። እኛ ያደግነው «እኔ» ማብዛት ነውር ነው እየተባልን ነው። ሥራው የብዙ ሰው ሆኖ ሳለ «እኔ ሠራሁ፣ እኔ አደረግሁ» ማለት አብረውኝ የደከሙትን ባልደረቦቼን መካድ መስሎ ይሰማኛል። ለሥራ ሲባል አስተዳደጋችንን እንተው ማለት ነው?

አንጋፋው ከሜክሲኮ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

አይደለም። ጥያቄሽ ግን ትክክለኛ ነው፤ እኔም በወጣትነቴ ያሰቃየኝ ነበር። የምጠይቅሽ ድርሻን በትክክል እንድታከፋፍዪ እንጂ እንድትመኪ አይደለም። «ውሳኔው የኮሚቴው ነው፤ መረጃውን ከቅርንጫፍ ያሰባሰበው ባልደረባዬ ነው፤ የክፍያ አቅሙን ያሰላሁትና ብድሩ እንዲቀነስ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ማንንም አልካደም፤ የሁሉንም ድርሻ በስሙ አስቀምጧል። በፋይናንስ ሥራ ውስጥ ይህ ራሱ ሙያ ነው፤ ሰነድ ላይ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው በየቦታቸው የሚፈርሙት ለዚሁ ነው። «እኛ» ብቻ የሚል መልስ ፊርማ የሌለው ሰነድ ይሆንብኛል።

ቁጥር ወዳድ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ስለ ቴክኒክ ጥያቄዎች እስካሁን የተነሳ ነገር ስለሌለ እኔ ልጨምር። በእነዚህ ቀረጻዎች ከሚዘወተሩት ጥያቄዎች አንዱ «የእርጅና ቅናሽ ወጪ (ቋሚ ንብረት በማርጀቱ የሚመዘገብ፣ ጥሬ ገንዘብ የማይወጣበት ወጪ) በ10 ቢጨምር ሦስቱ የሒሳብ መግለጫዎች እንዴት ይለወጣሉ?» የሚለው ነው። መልሱን ወረቀት ላይ መሥራት ቀላል ሲሆን፣ ሰሌዳ በሌለበት በአፍ ማስረዳት ግን የራሱ ልምምድ ያስፈልገዋል።

እኔ የምለማመደው በእኛው አገር የ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር ነው። መጀመሪያ፣ የግብር ሕጉም ይህንኑ ወጪ ይቀበላል ብዬ እንደማስብ እናገራለሁ። ከዚያ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ በ10 ይቀንሳል፤ ግብሩ በ3 ስለሚቀንስ የተጣራው ትርፍ በ7 ይቀንሳል። በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ከ7 ቅናሽ ተነስቼ፣ ገንዘብ ያልወጣበትን 10 መልሼ ስደምር ጥሬ ገንዘቡ በ3 ይጨምራል። በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ቋሚ ንብረት በ10 ሲቀንስ ጥሬ ገንዘብ በ3 ስለሚጨምር ጠቅላላ ሀብት በ7 ይቀንሳል፤ በሌላው ወገንም ያልተከፋፈለው ትርፍ በ7 ስለሚቀንስ ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሆናሉ። ይህ ሁሉ በአፍ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በቀረው ጊዜ ወጪ ጨምሮ ሳለ ጥሬ ገንዘብ ለምን እንደጨመረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፤ ግብሩ ስለቀነሰ ነው። ቀመሩን ከሸመደደው ሰው የሚለይሽ ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

በሚያስቡበት 30 ሰከንድ ወረቀት ላይ ሊጻፍ የሚችለው ከአምስት ቃል አይበልጥም። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነ ቃላቱም በእንግሊዝኛ ይሁኑ፤ እኔ በአማርኛ ጽፌ እየተረጎምኩ ስናገር የመጀመሪያው መልሴ ተደነቃቅፎብኛል። በተረጋጋ ንግግር በ2 ደቂቃ 250 ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት ይነገራሉ፤ ከዚያ በላይ ያዘጋጀ ሰው መሮጡ አይቀርም።

ሌላው የማይቀር ጥያቄ «በቅርቡ በገበያው ላይ ከታዩት ለውጦች አንዱን አስረዱ» የሚል ነው። አብዛኛው ሰው የውጭ ዜና ይዞ ይሄዳል። እኛ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በሥራችን ላይ ሆነን ያየን ሰዎች ነን። በዚያው ወቅት ብሔራዊ ባንክ በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ መሥራት ጀመረ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ከእነዚህ አንዱን መርጠሽ በጠረጴዛሽ ላይ ባለ ፋይል ምን እንዳደረገ ብታስረጂ፣ ኒው ዮርክ ያለ አመልካች ሊናገረው የማይችለውን ተናገርሽ ማለት ነው።

የሰንጋ ተራ ተንታኝ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያሉኝን ይዤ ዛሬ ማታ አንድ መልስ ሞክሬ ነበር፤ ተከታዩን ጥያቄ ለራሴ ስጠይቅ ግን አንድ ስጋት መጣብኝ። ያለኝ ጥሩው ምሳሌ የተሽከርካሪ መለዋወጫ የሚያስመጣ የባንኩ ደንበኛ ጉዳይ ነው። ተመኑ ከመለወጡ በፊት፣ ዶላሩ በ57 ብር አካባቢ ሳለ የከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንኩ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ)፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ የሚከፍለውን ብር በእጥፍ ሊያደርስበት ተቃረበ። ብድሩን የመክፈል አቅሙን (ገቢው ለሚከፍለው ዕዳ ሲካፈል) እንደገና ሳሰላው ከ1.6 ወደ 1.1 ወርዶ አገኘሁት፤ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምና ዕቃውን በአዲሱ ዋጋ እስኪሸጥ ዋናው ብድር ለስድስት ወር እንዲቆይለት ሐሳብ አቀረብኩ፤ ኮሚቴውም ተቀበለው። ይህን ሌላ ድርጅት በሚያስቀምጠው ቪዲዮ ላይ መናገር ይገባኛል?

አንጋፋው ከሜክሲኮ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ይህን መጠየቅሽ ብቻውን ለሙያው የምትሆኚ መሆንሽን ይነግረኛል። የባንክ ሠራተኛ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ቃለ መጠይቅ ላይ አይነሳም። በጨዋታ መካከል የተነገረ ቃል ይረሳል፤ የተቀረጸ ግን ይኖራል፤ ማን እንደሚያየውም አናውቅም። የደንበኛውን ስም፣ የባንክሽን ስም፣ የብድሩን መጠንና ሰውየውን ሊያስለይ የሚችለውን የዕቃ ዓይነት ሁሉ አስወግጂ። «አንድ አስመጪ» በቂ ነው። ምጣኔዎቹንም «ከምቹ ደረጃ ተነስቶ ዕዳውን በጥቂት ብቻ ወደሚበልጥ ደረጃ ወረደ» ብለሽ ግለጪያቸው። ይልቁንም በመግቢያሽ ላይ «የደንበኛን ምስጢር ለመጠበቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። እኔ በነበርኩበት ወንበር ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር የተናገረ አመልካች ከሌሎቹ ከፍ ያለ እምነት ያገኝ ነበር፤ የአሠሪውን ምስጢር በቀላሉ የዘረዘረ ሰው ነገ የእኛንም እንደሚዘረዝር እናስባለንና።

አራት ኪሎ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

እባክሽ የመጨረሻውን ሰዓት ደግመሽ አረጋግጪ። እኔ ዕድል ያመለጠኝ በዚህ ነው። ኢሜይሉ በናይሮቢ አቆጣጠር 12፡00 ላይ ይዘጋል ይል ነበር፤ የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ሳልጠራጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት መሰለኝ። የተባለው ግን የፈረንጆቹ እኩለ ቀን፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነበር። ከሥራ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ሊንኩ ተዘግቷል። ያንቺ በግሪንዊች አቆጣጠር ዓርብ 23፡59 ከሆነ፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይሆናል፤ ቀኑም ቅዳሜ ገብቷል። ቢሆንም እስከዚያ አትጠብቂ። ሐሙስ ብትቀረጪ፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ አንድ ሙሉ ቀን በእጅሽ ይቀራል።

ስለ መብራትና ኔትወርክ፦ ላፕቶፕሽን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጊ፤ ዋይፋይ ቢቋረጥ ወዲያው የምታበሪው ዳታ ያለው ስልክ አጠገብሽ ይኑር። የስልኩ ድምፅ ግን ይጥፋ። ከመስኮት ፊት ለፊት ተቀመጪ፤ ብርሃኑ ከጀርባሽ ከመጣ ፊትሽ ይጠቁራል። ብዙ ሰዎች አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እቀረጻለሁ ይላሉ፤ ቤተ መጻሕፍት ግን ለመዘጋጃ እንጂ ድምፅ አውጥቶ ለመናገሪያ አይሆንም። ካፌ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከር። ከሁሉም በፊት የሙከራ ጥያቄ ካለ እሱን ሳትሠሪ ወደ ዋናው አትግቢ፤ ማይክሮፎኑ እንደማይሠራ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

የፒያሳዋ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ፊታችንን ኮምፒዩተር አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል የሚባለው እውነት ነው? ሳልስቅ ከቀረሁ ነጥብ የምቀነስ እየመሰለኝ ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ እላለሁ።

ቁጥር ወዳድ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

በዚህ ሥራ ከታወቁት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሃየርቪው ብዙ ትችት ከደረሰበት በኋላ የፊት ገጽታን መተንተን ማቆሙን እ.ኤ.አ. በጃንዩዋሪ 2021 አሳውቋል። የሚነገረውን ቃል የሚመዝኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስለዚህ ጥርት ብሎ መናገርና በሥራ ማስታወቂያው ላይ የተጠየቀውን ሙያ በስሙ መጥራት ይጠቅማል። ፈገግታሽን ግን ለሰው እንደምታደርጊው አድርጊው። የፈረንጅ አነጋገር ለመምሰልም አትድከሚ፤ ፍጥነትን መቀነስ ብቻ ይበቃል። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የጻፈውን መልስ ከስክሪን ላይ ማንበብስ? ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ በቪዲዮው ላይ በግልጽ ስለሚታይ፣ ታማኝነት የመጀመሪያው መስፈርት በሆነበት በእኛ ሙያ ይህን ያደረገ ሰው በገዛ እጁ ከውድድሩ ይወጣል።

የሰንጋ ተራ ተንታኝ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወስጄ ተቀረጽኩ።

ሦስቱን ቀናት የተለማመድኩት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ከላፕቶፑ ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጣ ስናገር ታየኝ ነበር። ቃሉ ባይገባትም ስቸኩል ግን ይታወቃታል፤ በእጇ ቀስ በይ ትለኛለች። መመሪያው ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር ስለሚል ዛሬ ወደ ጎረቤት ሄደችልኝ፤ ዱካውን ግን ከቦታው አላነሳሁትም። ዓይኔን ወደ ሌንሱ ሳነሳ ከበላዩ ያለውን ባዶ ቦታ አውቀው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ገበያ ለውጥ ነበር። የአስመጪውን ጉዳይ ስምና መጠን ሳልጠራ፣ የማንን ድርሻ ማን እንደሠራ ለይቼ ተናገርኩ፤ 1 ደቂቃ ከ50 ላይ ጨረስኩ። ሦስተኛው የእርጅና ቅናሹ ሳይሆን፣ ትርፋማ የሆነ ድርጅት እንዴት ጥሬ ገንዘብ ሊያጥረው እንደሚችል የሚጠይቅ ነበር፤ ሆኖም ሦስቱን መግለጫዎች በአፌ ማያያዝ ስለለመድኩ በዱቤ ከተሸጠ ዕቃና መጋዘን ውስጥ ከተከማቸ ክምችት ተነስቼ አስረዳሁ። አራተኛው ላይ ከመንገዱ ማዶ ካለው ግንባታ የብረት መቁረጫ ድምፅ ተነሳ። ለጥቂት ሰከንዶች ዝም ካልኩ በኋላ ለድምፁ ይቅርታ ጠይቄ፣ ድምፄን ሳልጨምር ካቆምኩበት ቀጠልኩ። አምና ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ እቀር ነበር። አምስተኛው የሠራሁትን ስህተት የሚጠይቅ ነበር፤ እሱን በደንብ አላዘጋጀሁትም፤ ስህተቱን ተናግሬ እንዴት እንዳረምኩት ሳልጨርስ ጊዜው አለቀ።

ጋሼ፣ ይህን የመጨረሻውን በተመለከተ ቀጣዩ ዙር ከመጣ መጠየቄ አይቀርምና፣ እርስዎ ስህተቱን በምን ያህል ዝርዝር መስማት ይፈልጉ ነበር?

አንጋፋው ከሜክሲኮ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ስህተቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር፤ እንዴት እንዳወቅሽውና ለአለቃሽ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደነገርሽ ግን በዝርዝር። ስህተቱን ራስሽ ነበርሽ ያገኘሽው ወይስ ሌላ ሰው? ነገ ማታ የተናገርሽውን እዚህ ጻፊልኝ፤ አብረን እናየዋለን።